ሰውን ወደ ራስ ሃይማኖት ለማምጣት መሞከር ተገቢ ነው? (ከእናቴ አልጋ አጠገብ የመጣ ጥያቄ)

እታለም_ሽንብጥ · ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴ ግን ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ እዚሁ ባሕር ዳር ሆስፒታል ከተኛች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። ሌሊት እኔ አስታማሚ ሆኜ ከአልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ፣ ቀን እህቴ ትተካኛለች። በሰባተኛው ቀን ሁለት ሴቶች መጡ። ነጠላቸውን ለብሰው አልጋ በአልጋ እየዞሩ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ። ፍልሰታ መሆኑን አስበው የጾም የምስር ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው ነበር። ጠያቂ ዘመድ የሌላትን የአዴት ሴት ልብሷን አጥበውላታል። ይህን የምነግራችሁ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸውን እንድታውቁልኝ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ በመጡበት ቀን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አንደኛዋ የእናቴን እጅ ይዛ «ኢየሱስን የግል አዳኜ አድርጌ ተቀብያለሁ በይ እማማ» ትላታለች። እናቴም «እሺ ልጄ» ብላ ቃል በቃል ተከትላ አለችው። ሴቶቹ በደስታ አልቅሰው፣ ግንባሯን ስመው ሄዱ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ማዕተቧን እንድፈልግላት ጠየቀችኝ፤ ራጅ ሲያነሷት አውልቃው ከቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሌሊት ላይ «ልጄ፣ ክጄ ይሆን?» አለችኝ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ኪዳን ያላስታጎለች ሴት ናት።

በንዴት ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። እሱ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ወንጌላውያኑ ሄዷል። «አልጋ ላይ የወደቀች ሴት አታሳዝናችሁም?» አልኩት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «እታለም፣ እነሱ እማዬን በሾርባ ያዟት። እናንተ ደግሞ እኔን በቤትና በቀብር ያዛችሁኝ። ልዩነቱን ንገሪኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያኔ አባቴ ከቤት አስወጥቶታል። ተከራይቶ የገባበት ቤት ባለቤት ዘመዳችን ስለነበረ ከዚያም አስለቀቀው። «ስትሞት ማን እንደሚቀብርህ አያለሁ» ብሎታል። እኔም ዝም ብዬ አይቻለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አማኝ ሰው ሌላውን ወደ እምነቱ ለማምጣት መሞከር አለበት ወይስ የለበትም? የሚገባው ከሆነስ እስከ የት ድረስ?

---

ዘጌ_ማዶ · ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 4:05

እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ እህቴ። «ክጄ ይሆን» ያለችው ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። አልካደችም። ንስሐ አባቷን ጥሪላት፣ እሳቸው ያጽናኗታል።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ነገር እንደ አዲስ አይሰማውም። ጎርጎራ የሄዳችሁ፣ ውኃው ዳር የፈራረሰውን የኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ግንብ አይታችኋል። እዚህ ከተማችን ጊዮርጊስ ግቢ ያለው የድንጋይ ሕንፃም የነሱ ሥራ ነው ይባላል። ከእነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲገባ ትሑት ሰው ነበር። ቋንቋችንን ተማረ፣ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፣ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሰከላ ሄዶ የአባይን ምንጭ አየ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ተናገረ፣ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ አረፈ። በ1625 የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ከሺህ ዓመት በላይ ክርስቲያን ሆኖ የኖረን ሕዝብ እንደ አዲስ ተጠመቅ፣ ቄሶችህ እንደገና ይካኑ፣ በዓልህን በሮም አቆጣጠር አክብር አለው። አገር ተነሣ። በ1632 በአንድ ውጊያ ብቻ ወደ 8,000 ሰው አለቀ፤ ገዳዩም ሟቹም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሱስንዮስ ሕዝቡን ወደ ቀድሞ እምነቱ መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል የተወው።

ይህ ሁሉ የጀመረው ደግ ፊት ባለው እንግዳ ነው። ስለዚህ ሾርባ ይዞ የመጣን ሰባኪ ስጠረጥር ጥላቻ አይደለም፣ ትዝታ ነው። በየዋህነት የሚጠይቅ ካለ ይምጣና ይማር። አልጋ ላይ የተኛን ሰው ግን አደን ነው የምለው።

---

አባይ_ማዶ · ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 4:31

አንድ ነገር ልበል። እናትሽ «እሺ» ያለችው በይሉኝታ ነው። እኛ አገር ሾርባ ያበላሽን ሰው ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው «እሺ» ሲል ተስማማ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ «አላሳፍርህም» ማለት ነው። ሴቶቹ የዚህ አገር ልጆች ከሆኑ ይህን ያውቃሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይህን እያወቁ «ነፍስ ዳነ» ብለው መቁጠራቸው ነው።

---

የምሥራች · ነሐሴ 7፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ እዚሁ ከተማ። በመጀመሪያ እታለም፣ እናትሽ ስለተጨነቀች በጣም አዝኛለሁ። እነዚያን ሴቶች አላውቃቸውም፤ ቢሆንም ይቅርታ የምጠይቀው እንደ ራሴ ጥፋት ቆጥሬ ነው። ሰውን ቃል አስደግሞ መሄድ ስብከት አይደለም።

ነገር ግን ለምን እንደምንናገር ስሙኝ። የአጎቴ ልጅ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከዳር ቆሞ አንድ የማያውቀው ሰው ዕቃ ጭኖ ሊቀዝፍ ሲል ቢያይ ይጮሃል። ሰውየው ቢቆጣም ይጮሃል። ዝም ቢል ነበር የምትታዘቡት። እኔ ክርስቶስን ሳላውቅ በጠላ ቤት ያለቀ ሰው ነበርኩ፤ ልጆቼ ሊርቁኝ ደርሰው ነበር። ያወጣኝን እያወቅኩ ለጎረቤቴ አልነግርም ማለት ለእኔ ጭካኔ ነው።

ዘጌ ማዶ፣ ወንድሜ፣ አንተም እኮ የተሰበከ ሕዝብ ልጅ ነህ። አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ በምርኮ የመጣ ወጣት ነበር። የጣና ደሴቶችንም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በገዳም የሞሉት መነኮሳት ሲያስተምሩ ነበር እንጂ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጣና ቂርቆስ ላይ በኦሪት ሥርዓት መሥዋዕት ይቀርብ ነበር ብላችሁ የምታስተምሩን እናንተው ናችሁ። ያን የለወጠው ስብከት ነው። ያ ሲሆን ሐዋርያነት፣ እኔ ስናገር አደን የሚሆነው እንዴት ነው?

---

ዘጌ_ማዶ · ነሐሴ 7፣ ከጠዋቱ 2:02

የታንኳውን ምሳሌህን ወድጄዋለሁ። ግን ጮኾ መንገር ሌላ፣ ታንኳዬን በገመድ አስሮ መጎተት ሌላ ነው። ደግሞ ከዳር የቆመው ሰው ሐይቁን ያውቀዋል። አንተ የምትጮህባት ሴት ሐይቁ ላይ ሰባ ዓመት ቀዝፋለች።

---

የምሥራች · ነሐሴ 7፣ ከጠዋቱ 2:20

የመጨረሻውን ልቀበልህ አልችልም፣ ምክንያቱም ብዙ ዓመት መቅዘፍ ማዕበሉን አያስቀርም። ገመዱን ግን እቀበላለሁ። አልጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሊሞት የቀረበ ሰው አጠገብ ያልተናገርኩት ቃል መቼ ይነገራል? የእናንተስ ካህን ለሕመምተኛ የሚመጣው ለዚሁ አይደለም?

---

ነርስ_ነኝ · ነሐሴ 7፣ ከቀኑ 7:40

የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

ወንጌላውያኑ ብቻ አይደሉም። በየጊዜው ጸበል ይዘው የሚገቡ አሉ፣ አልጋ በአልጋ ይረጫሉ። አንድ ቀን ከሐሙሲት የመጡ ሙስሊም አባት ሳይጠየቁ ተረጭተው ብርድ ልብሳቸው ራሰ። ምንም አላሉም። ልጃቸው ሲመጣ ብቻ ቀስ ብለው ነገሩት። ልጁም ምንም አላለም፣ ብርድ ልብሱን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፤ እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ።

ለየምሥራች የምመልሰው ይህን ነው፦ ካህኑ የሚመጣው ሲጠራ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለ ሰው ተነሥቶ መውጣት አይችልም። ካቴተር አለው፣ እግሩ በክብደት ተወጥሯል። መንገድ ላይ ሰባኪ ያስቆመው ሰው «ቸኩያለሁ» ብሎ ያልፋል፣ የኔ ታካሚ የት ያልፋል? እኔ አሁን ጠያቂ ሲመጣ በመጀመሪያ ታካሚውን ለብቻው «ይግቡ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚገርማችሁ፣ ግማሾቹ ለእኔ «አይግቡ» ይላሉ፤ ሰዎቹ ፊት ግን አንዳቸውም ብለው አያውቁም።

---

ኡሙ_ሐናን · ነሐሴ 7፣ ከምሽቱ 1:10

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እህቴ፣ አላህ እናትሽን ያሽርልሽ።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሙስሊም ነኝ። የግቢያችን ሰባቱ አባወራ ኦርቶዶክስ ነው። ዒድ ሲሆን ለእነሱ የሚሆን በግ የሚያርድ ክርስቲያን እንጠራለን፤ ፋሲካ ሲሆን እነሱም ለእኛ ሙስሊም አራጅ ይጠራሉ። ሥጋችን ይለያያል፣ ማዕዳችን አንድ ነው። ከዚህ የተሻለ ጉርብትና አላውቅም።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ግን የምወዳት ጓደኛዬ «አንቺን የመሰለች ሰው ክርስቲያን አለመሆኗ ያሳዝነኛል» ትለኛለች። ከልቧ ነው፣ እንባ ሲያቀርባት አይቻለሁ። እኔም ስለ እሷ እንደዚያው አዝናለሁ፤ ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ረመዳን ላይ ነገርኳት። ሁለታችንም ደንግጠን ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሃይማኖት የምናወራው ከበፊቱ በተሻለ ሁኔታ ነው። ለምን እንደምሰግድ ትጠይቀኛለች፣ ለምን እንደምትሰግድ እጠይቃታለሁ።

በእኛም ዳዕዋ ግዴታ ነው። ቁርኣን ወደ ጌታህ መንገድ በጥበብና በመልካም ተግሣጽ ጥራ ይላል፤ ያው ቁርኣን ላ ኢክራሀ ፊ ዲን፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም ይላል። እኔ ሁለቱን አብሬ ነው የማነበው። ጥሪ ያለበት ቤት መልስ ሊኖረው ይገባል፤ መልሱም «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። የሚያስከፋኝ በድምፅ ማጉያ የሚደረገው ነው፣ የእኛም ሆነ የእነሱ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሌላውን እምነት እየነቀፉ መናገር ማንን ነው የሚጠራው?

---

የታሪክ_አስተማሪ · ነሐሴ 7፣ ከምሽቱ 3:30

ዘጌ ማዶ የጻፈውን ላርም፣ ጨምሬም ልናገር።

ደሙ የፈሰሰው ሜንዴዝ ሲመጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1617 የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ከዐመፀኞቹ ጋር ቆመው በውጊያ ተገድለዋል፤ ያ የፓኤዝ ዘመን ነው። ፓኤዝን «ትሑት» ማለት ትክክል ነው፤ ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ከንጉሡ ጀመረ። ንጉሥ ሲያምን ተራው ሰው እምቢ የሚልበት በር ይዘጋል። ሰባኪው የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ከኋላው ጭፍራ ቆሟል።

ግን ወገኖቼ፣ ግማሹን ታሪክ ብቻ አንናገር። እ.ኤ.አ. በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የኦርቶዶክሱን የውስጥ ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ብዙው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ሼህ ጦልሃን የመሰሉት እምቢ ብለው ተዋጉ። በዚያ መንገድ ማንም ልቡን አልሰጠም። ከዚያ በፊት በግራኝ ዘመንም ክርስቲያኑ በሰይፍ ሰልሟል።

በጎንደር በኩል ያሉትን ቤተ እስራኤሎችም አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ የመሰሉ ሚሲዮናውያን አይሁድን ክርስቲያን ለማድረግ መጡ። አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱላቸው ያመነው ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። የተጠመቁት ከወገናቸው ተቆረጡ፤ የተቀበላቸው ክርስቲያንም እንደ ባዳ አያቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ የእነዚያ የተጠማቂዎች ልጆች አልተሳፈሩም። ከመቶ ዓመት በፊት አያታቸው ያለው «እሺ» እነሱን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አቆማቸው። ሰውን ወደ እምነትህ ስትጠራ የምትጠራው እሱን ብቻ አይደለም፤ ዘመዱን፣ መቃብሩን፣ ገና ያልተወለደውን ልጁን ነው የምትነካው። ይህን የማይመዝን ሰባኪ አይስበክ የምለው ለዚህ ነው።

---

ዘጌ_ማዶ · ነሐሴ 7፣ ከምሽቱ 4:15

መምህር፣ እርማቱን ተቀብያለሁ፤ የአቡነ ስምዖንን ነገር አላነሣሁም። ስለ ቦሩ ሜዳ ግን ያ የመንግሥት ፖለቲካ ነበር፣ አገር አንድ የማድረግ ጉዳይ።

---

የታሪክ_አስተማሪ · ነሐሴ 7፣ ከምሽቱ 4:22

ሱስንዮስም እኮ ያለው ይህንኑ ነው፣ ወንድሜ።

---

ደንገል · ነሐሴ 8፣ ከጠዋቱ 3:00

ክሩን ከትናንት ጀምሬ እያነበብኩ ነው። እኔ ነገዴ ነኝ። እናንተ «ወይጦ» የምትሉን። ታንኳውን የምንሠራው እኛ ነን፣ ስለ ታንኳ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አያቶቻችን ደንገል እያጨዱ፣ ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ ነበር። ሙስሊም ነን ብለን ስንናገር ጉማሬ ትበላላችሁ ተብለን ከሙስሊሙ ሳንቆጠር ኖርን። ክርስቲያኑ ደግሞ የነካነውን ዕቃ አይነካም ነበር። አባቴ ልጅ ሆኖ ውኃ ሲለምን የተሰጠው በቅል ነው፤ ከጠጣ በኋላ ቅሉን ሰበሩት። አሁን ነገሩ ተሻሽሏል፣ ተምረናል፣ ጉማሬም ከቀረ ቆየ። ሰፈራችን ድረስ የሚመጣ አስተማሪም አለ፣ ከሁሉም ወገን።

ለእናንተ የምጠይቀው አንድ ነው። እኛን ወደ ሃይማኖቱ የጠራን ብዙ ነው። ቤታችን ገብቶ ከገበታችን የቆረሰው ስንቱ ነው? ቡና ጠጥቶ የሄደ ሰባኪ አንድ አስታውሳለሁ፤ ስለ ምን እንደሰበከ ረስቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን ስኒ እንደጠየቀ ግን አልረሳሁም።

---

ኡሙ_ሐናን · ነሐሴ 8፣ ከጠዋቱ 3:25

ወንድሜ ደንገል፣ ከሙስሊሙ ሳትቆጠሩ ስለመኖራችሁ የጻፍከው እውነት ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼ ዝም ካልኩት አንዷ ነኝ። አፉ በለኝ።

---

ስሜን_ልተው · ነሐሴ 8፣ ከቀኑ 8:50

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ደብተርና ዩኒፎርም የሚሰጥ ቦታ ነበር፣ ለእናቴም በየወሩ ዘይትና ዱቄት። ማንም «ሃይማኖትህን ቀይር» አላለኝም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ነገር ግን እሑድ የሚመጣ ልጅና የማይመጣ ልጅ በዝርዝሩ ላይ እኩል አልነበሩም፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሄድኩ። ዘመርኩ። ተጠመቅኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ እርዳታው አለቀና ወደ ቤተ ክርስቲያኔ ተመለስኩ፤ ለተመላሽ የሚደረገውን የቄድር ጥምቀት ተጠመቅኩ።

ሰዎች «ተታልለህ ነበር፣ እንኳን ተመለስክ» ይሉኛል። እኔን የሚያመኝ እሱ አይደለም። እዚያ አንድ መዝሙር ስንዘምር ልቤ የሚቀልጥበት ጊዜ ነበር። ያ እምነት ይሁን ወይስ የዱቄቱ ምስጋና እስከ ዛሬ አላውቅም። ስመለስስ ያመንኩት በእውነት ነው ወይስ እርዳታው ስላለቀ? ዱቄቱ በመካከል ስለገባ የራሴን ልብ ማወቅ አልቻልኩም። ሌላው የወሰዱብኝ ነገር የለም፣ ይህን ግን ወሰዱብኝ።

---

የምሥራች · ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 1:30

ስሜን ልተው፣ ጽሑፍህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እኛም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለችግረኛ ልጆች የምንሰጥበት መዝገብ አለ። መዝገቡን የሚይዙት ራሳቸው የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች ናቸው። እስከ ዛሬ ችግር አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር። ለሽማግሌዎቹ አቀርበዋለሁ፤ መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዘው እላለሁ።

መስበኬን አልተውም። ጴጥሮስ ስላላችሁ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ዘወትር ተዘጋጁ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት» ብሎ የጨመረውን ግን ስንት ጊዜ ሳነብ አልፌዋለሁ። «ለሚጠይቋችሁ» የሚለውንም።

---

ሕግ_ተማሪ · ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 2:45

ሕጉን ባጭሩ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመረጥከውን እምነት የመያዝ ብቻ ሳይሆን የማስተማርና የመግለጽ መብትንም ይጨምራል። ያው አንቀጽ በኃይልም ሆነ በሌላ ሁኔታ ማስገደድን ይከለክላል። ስለዚህ መስበክ መብት ነው፣ ማስገደድ ክልክል ነው። ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብትም አለው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሩን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ» እና «ክፍት አካባቢ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ነበር። እንደ እኛ ባለው አካባቢ ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያኗን ምእመን ግን ወደ ራሱ መውሰድ አይችልም። በሌላው አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ግን ለሰባኪ ክፍት ተብሎ በካርታ ተመደበ፤ እሱን «ትሰበክ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

«ሌላ ሁኔታ» የሚለው ላይ ግን ቆም በሉ። የእታለም አባት ልጃቸውን ከኪራይ ቤት ሲያስለቅቁ፣ በቀብር ሲያስፈራሩ፣ ያ ምንድን ነው? ሃይማኖት ለማስቀየር መጫንን ሁላችንም እናወግዛለን። ላለማስቀየር መጫን ግን አስተዳደግ ይባላል።

---

ዘጌ_ማዶ · ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 3:10

ይህ ቃል ከበደኝ። አባት ልጁ ሲጠፋ ዝም ይበል ነው የምትለው? የእኔ ልጅ ቢወጣ ልቤ ይሰበራል፣ አለቅሳለሁ፣ ሱባኤ እገባለሁ። ከቤት ላባርረው እችል እንደሆነ ግን ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ ነው የምመልስልህ።

---

ጡረተኛው_ቀበሌ_11 · ነሐሴ 9፣ ከጠዋቱ 12:40

ልጆቼ፣ ስታወሩ ቆይቻለሁ። ለእታለም አባት የሚሆን አንድ ነገር አለኝ።

እኔ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አባላችን ሃይማኖት ቀይሮ ሞተ። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አልተፈቀደም። ከዕድሩም ግማሹ «ከእኛ ወጥቷል፣ ድንኳን አይተከልለት» አለ። ሚስቱ አሥራ ስድስት ዓመት በየወሩ መዋጮዋን ይዛ ስትመጣ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ሬሳው ቤት ውስጥ ተኝቶ እኛ ደንብ እናነባለን። ያን ቀን ክረምት ነበር፣ ዝናብ ይጥላል። ድንኳኑ የተተከለው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ለቅሶኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ረጥቦ። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ቀኖች ያ አንዱ ነው።

በዓመቱ ደንቡን አሻሻልን። የቀብር ቦታና ጸሎት የሃይማኖት አባቶች ጉዳይ ነው፣ ዕድሩ አይገባበትም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ሦስት ቀን ማደሩ ግን መዋጮ የከፈለ ሁሉ ነው። የተቃወሙን ቄስ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በኋላ አንዱን ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ መጥተው እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል።

ወደ ሃይማኖት መጥራትን በተመለከተ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሁሉም ሰው ተዋሕዶ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም። ጌታ ግን አንድ ሰው ለማሳመን በባሕርና በደረቅ የሚዞሩትን ፈሪሳውያን ወዮላችሁ ብሏቸዋል። መዞሩን አልነቀፈም፣ ያመጡትን ሰው ምን እንዳደረጉት ነው የነቀፈው። ልጄ፣ አባትሽ ከፈለጉ ደንባችንን ልላክላቸው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

እታለም_ሽንብጥ · ነሐሴ 13፣ ከምሽቱ 4:50

ዘግይቼ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። እናቴ ዛሬ በምርኩዝ ሦስት እርምጃ ተራምዳለች፣ ተመስገን።

ንስሐ አባቷ ማግሥቱን መጥተው ነበር። ብዙ አላወሩም። ማዕተቧን ራሳቸው አሰሩላት፣ «እመቤት፣ እግዚአብሔር ይሉኝታሽን ያውቀዋል» አሏት። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተኛች።

ሴቶቹ ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። በር ላይ ላስቆማቸው ተነሥቼ ነበር፣ እናቴ «ተዪያቸው» አለችኝ። አጠገቧ አስቀመጠቻቸውና «ልጆቼ፣ ያን ቀን እሺ ያልኳችሁ ደግነታችሁን ላለማሳፈር ነው። ሃይማኖቴ ያው የጥንቱ ነው። እንደዚያ ስላልኩ ሌሊት አልቅሻለሁ» አለቻቸው። እናቴ ለሰው ፊት ለፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ታላቅየዋ በጣም ደነገጠች፣ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ታናሽየዋ ግን «እኛ እውነቱን ነው የነገርንዎት» ብላ ወጣች። ታላቅየዋ ትናንትም ብቻዋን መጥታ ነበር፤ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ሳትናገር የእናቴን ፀጉር አበጠረችላት።

ለወንድሜ ይህን ክር ላክሁለት። አንብቦ እስኪጨርስ ሁለት ቀን ፈጀበት መሰለኝ፣ ከዚያ ደወለ። «ስሜን ልተው ያለውን ልጅ ባገኘው» አለኝ። ስለ ቤቱ ጉዳይ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያን ጊዜ ዝም በማለቴ። መልስ ሳይሰጠኝ ቆየና «እማዬ ምን ትበላለች?» አለ።

ጋሼ ጡረተኛው፣ ደንቡ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አትሜ አባቴ ጋ ወሰድኩት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሐሙስ ፍልሰታ ሲፈታ ወንድሜ ለምሳ ቤት ይምጣ አልኩት።

እሺ አላለኝም፣ እምቢም አላለኝም። ዶሮው ግን ለስንት ሰው እንደሚበቃ ጠየቀኝ።